ሌዘር መቁረጫው ጠዋት በደንብ ይቆርጣል፣ ከሰዓት በኋላ ጠርዙ ይበላሻል፤ ችግሩ ከጨረሩ ነው ከጋዙ?

ቱቦላሬ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ቃሊቲ አካባቢ ከወንድሜ ጋር የምንሠራበት አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለን። በርና መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የሆቴል ወጥ ቤት ጠረጴዛና መደርደሪያ እንሠራለን። ዘንድሮ ባለ 3 ኪሎዋት ፋይበር ሌዘር መቁረጫ አስገብተናል፤ ላሜራ የሚጋደምበት አልጋው 3 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው። የገዛነው በባንክ ብድር ስለሆነ ማሽኑ ቆሞ የሚውልበት ሰዓት ሁሉ እንቅልፍ ይነሳናል።

ሁለት ነገር አስቸግሮናል። አንደኛው ባለ 2 ሚሊሜትር ስቴንለስ ላሜራ ነው፤ የምንቆርጠው በኮምፕረሰር አየር ነው። አጭር ቁርጥ ሲሆን ጠርዙ ደኅና ነው። ረጅም መስመር ሲሆን ግን መጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ወደ መጨረሻው ከሥሩ ጣት የሚቧጭር ቅላጭ (ቀልጦ የረጋ ብረት) ይንጠለጠልበታል። ሠራተኞቻችን ቀኑን ሙሉ በግራይንደር ሲያጸዱ ይውላሉ፤ እንዲህ ከሆነ ሌዘር መግዛታችን ምን ፋይዳ አለው?

ሁለተኛው ባለ 8 ሚሊሜትር ጥቁር ላሜራ ነው፤ ይህንን በኦክስጅን እንቆርጣለን። ጠዋት ሥራ ስንጀምር ቁራጩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወድቃል። ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ ጠርዙ እየሻከረ ይመጣና ከሰዓት በኋላ በመዶሻ ካልተመታ አይላቀቅም። የሸጡልንን ሰዎች ስንጠይቅ መልሳቸው ሁልጊዜ «ኃይሉን ጨምሩ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ» ነው። እንዳሉን አድርገን ባሰበት እንጂ አልተሻለም። ሙያው ያላችሁ እባካችሁ አንድ በሉን።

የሽቱትጋርቷ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡35

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ሽቱትጋርት አጠገብ በላሜራ ሥራ ፋብሪካ ውስጥ የሌዘር መቁረጫ ኦፕሬተር ነኝ። አካባቢው የዚህ ሙያ ሰፈር ነው፤ ትሩምፍ የተባለው ትልቁ የማሽን አምራች መቀመጫው እዚሁ ቅርብ፣ ዲትሲንገን ነው።

ኃይል አትጨምሩ። ጨረሩ ብረቱን ያቀልጣል፤ የቀለጠውን ከስንጥቁ ጠርጎ የሚያወጣው ግን ከኖዝሉ፣ ማለትም ከመቁረጫው ጭንቅላት ጫፍ ቀዳዳ፣ የሚነፋው ጋዝ ነው። በስስ ላሜራ ላይ የስንጥቁ ስፋት ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በዚያች ጠባብ መንገድ ውስጥ ቅላጩን ገፍቶ የሚያስወጣ ነገር ከሌለ፣ 3 ኪሎዋት ቀርቶ 12 ብታደርጉት የቀለጠው ብረት ከሥር ተንጠልጥሎ ይረጋል።

ስቴንለስን በናይትሮጅን ወይም በአየር ስትቆርጡ የጋዙ ሥራ መጥረግ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ባር። ጥቁር ላሜራን በኦክስጅን ስትቆርጡ ግን ብረቱ ራሱ ይነድዳል። ከመንደዱ የሚወጣው ሙቀት ለጨረሩ ትልቅ አጋዥ ስለሆነ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ባለ 8 ሚሊሜትር ላይ ከ1 ባር በታች ይበቃል። እዚህ የሚያስፈልገው የኦክስጅኑ ንጽሕና ነው። እንግዲህ የእናንተ ሁለት ችግሮች አንድ ምክንያት ያላቸው አይመስለኝም፤ ለየብቻ እንያቸው።

እነዚህን ንገረኝ፦ ስቴንለሱን የምትቆርጡበት ኖዝል ስንት ሚሊሜትር ነው? ግፊቱ ረጅም መስመር ላይ ሳለ ስንት ይላል? ሲቆም የሚያሳየውን አይደለም የምጠይቅህ። ከሌንሱ በታች ያለውን መከላከያ መስታወት ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ኦክስጅኑስ ንጽሕናው ስንት ነው?

እስከዚያው ከመከላከያው መስኮት ጀርባ ሆናችሁ ከላሜራው ሥር የሚወጣውን ፍንጣሪ ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚረጭ ከሆነ ፍጥነቱ ልክ ነው። ከጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተጋድሞ የሚጎተት ከሆነ ፈጥናችኋል። ጥቂት ሆኖ ተሰብስቦ የሚንጠባጠብ ከሆነ ዘግይታችኋል። እኔ ከስክሪኑ ቁጥር በፊት የማየው ይህንን ነው።

ቱቦላሬ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ በጠዋት ገብቼ አየሁት። ኖዝሉ ነጠላ፣ ባለ 3 ሚሊሜትር ነው፤ የገጠሙልን ሰዎች ትተውልን የሄዱት ነው። ግፊቱን ጭንቅላቱ ላይ 10 ባር አድርገነዋል። ረጅም መስመር ሲጀምር 10 ይላል፤ እየቆረጠ ሳለ ይወርድና 8 ላይ ይቆማል። ኮምፕረሰሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 11 ኪሎዋት፣ 16 ባር፣ በደቂቃ 1 ሜትር ኩብ ይላል። መከላከያ መስታወቱን እንዳንነካ ስለተነገረን አልከፈትነውም። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ላይ ንጽሕናው አልተጻፈም።

ጡረተኛው መምህር — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ልጄ ቱቦላሬ፣ የሰጠኸን ቁጥር በቂ ነው፤ አብረን እናስላው። እኔ ለረጅም ዘመን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የማሽን ትምህርት አስተምሬያለሁ። እዚህ አገር ማሽን የሚያስገባ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ሲገባ ማንም የማይነግረው ነገር አለ። ይኸውም ከፍታችን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ናት። ቃሊቲ ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ ለዚህ ስሌት ግን ልዩነቱ ቁም ነገር የለውም። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው፤ እኛ ዘንድ ወደ 77 ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ የእኛ አየር በክብደት ሲለካ ከባሕር ዳርቻው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕረሰርህ በደቂቃ 1 ሜትር ኩብ ይስባል፤ ጽሑፉ አልዋሸም። ነገር ግን የሚስበው ስስ አየር ስለሆነ በባሕር ጠለል መለኪያ የምታገኘው ወደ 750 ሊትር ነው።

አሁን ወደ ኖዝሉ እንምጣ። ከኖዝል የሚወጣውን የአየር መጠን የሚወስነው የቀዳዳው ስፋትና ከኋላው ያለው ግፊት ነው። የውጭው አየር መሳሳት ይህን ፍላጎት የሚቀንሰው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። ባለ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በ10 ባር በደቂቃ ወደ 900 ሊትር ያወጣል። 900 ይፈልጋል፣ 750 ያገኛል። ጉድለቱን ለጥቂት ጊዜ የሚሸፍነው የአየር ጋኑ ነው፤ አጭር ቁርጥህ ያማረው ለዚህ ነው። ጋኑ ሲሟጠጥ ግፊቱ አቅርቦቱና ፍላጎቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ይወርዳል። በስሌት ያ ነጥብ ከ8 ባር ትንሽ ከፍ ይላል። አንተም በዓይንህ ያየኸው 8 ነው።

መፍትሔው ሌላ ኮምፕረሰር መግዛት አይደለም። ኖዝሉን ወደ ባለ 2 ሚሊሜትር ለውጠው። ስፋት በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚያድግ ባለ 2ቱ የሚያወጣው የባለ 3ቱን አራት ዘጠነኛ እጅ፣ በደቂቃ 400 ሊትር ገደማ ነው። ለባለ 2 ሚሊሜትር ላሜራ ይበቃዋል፤ ኮምፕረሰርህም ትርፍ ይኖረዋል።

ሌላም ልጨምርልህ። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሲሠሩ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው። ከዚያ በላይ የሚያቀዘቅዛቸው አየር ስለሚሳሳ በሙሉ ጭነት ያለ እረፍት ማሠራት ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። ኮምፕረሰርህ አሁን ለአፍታ እንኳ አያርፍም። ማሽን ስትገዙ ሻጩን «ይህ ቁጥር በስንት ሜትር ከፍታ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ከቁጥሩ ላይ ሩቡን ቀንሱ።

ፍሬሳ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05

መምህር፣ አክብሮቴ የበዛ ነው፤ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከተማው ውስጥ ጎማ የሚነፋው፣ ቀለም የሚረጨው ሁሉ በዚሁ ስስ አየር ይሠራል፤ ማንም አላማረረም። ለምን ሌዘር ላይ ብቻ ችግር ይሆናል? ደግሞስ ባለ 6 ኪሎዋት ቢገዙ ኖሮ ይህ ሁሉ አይቀርም ነበር?

ሌላ የራሴ ጥያቄ አለኝ። እኔ የቶርኒዮና የፍሬሳ ሥራ ነው ያለኝ። ደንበኞች በሌዘር የተበሳ ላሜራ እያመጡ የብሎን ጥርስ አውጣልን ይሉኛል። ጥርስ ማውጫዬ ቀዳዳው ውስጥ እየተሰበረ ይቀራል። በትራፓኖ (በመሰርሰሪያ) በተበሳው ላይ ይህ አይደርስብኝም። ለምንድን ነው?

ጡረተኛው መምህር — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡40

ጎማ ነፊው አንድ ደቂቃ ነፍቶ አሥር ደቂቃ ያርፋል፤ በዚያ መሐል ጋኑ ይሞላል። ሌዘር ግን ከላሜራው ጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ዕረፍት ይነፋል። ችግሩ በሁሉም ላይ አለ፤ የሚጋለጠው ግን እረፍት የሌለው ሥራ ላይ ነው።

ስለ 6 ኪሎዋት ያነሣኸው ከፊሉ ትክክል ነው። ኃይሉ ሲበዛ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ለአንድ ሜትር ቁርጥ የሚጠፋው ጋዝም ይቀንሳል። ኖዝሉ በደቂቃ የሚፈልገው አየር ግን አይቀንስም፤ ግፊቱ በዚያው ፍጥነት ይወርድበታል።

የቀዳዳውን ጉዳይ የሽቱትጋርቷ እህታችን በእጇ የምትሠራው ስለሆነ ለእሷ እተወዋለሁ።

የሽቱትጋርቷ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

መምህር፣ ስሌቱን ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ። እኛ ዘንድ የጋዝ ቧንቧው ከግድግዳ ስለሚመጣ ማንም እንዲህ አስቦት አያውቅም።

ፍሬሳ፣ ጨረሩ ያለፈበት ጠርዝ በቅጽበት ቀልጦ በቅጽበት ይቀዘቅዛል። ካርቦን ያለው ብረት እንዲህ ሲሆን ላዩ ላይ ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን ያበጃል። ጥርስ ማውጫህን የሚሰብረው እሱ ነው። በኦክስጅን የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የኦክሳይድ ቅርፊት ይጨመርበታል። ደንበኞችህ ቀዳዳውን በሌዘር አሳንሰው እንዲያስበሱ ንገራቸው፤ አንተ በትራፓኖ ወደ ትክክለኛው መጠን አስፋውና ከዚያ ጥርስ አውጣ። እንዲያውም ለብዙ ሥራ ሌዘሩ የቀዳዳውን መሐል ነጥብ ብቻ ምልክት ቢያደርግ ይሻላል። ወፍራም ላሜራ ላይ በኦክስጅን ከውፍረቱ ያነሰ ዲያሜትር ያለው ቀዳዳ መብሳት አስቸጋሪ ነው፤ ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ ቀዳዳው ይቀልጣል፣ ክብነቱንም ያጣል።

አሁን ወደ ባለ 8 ሚሊሜትሩ ልምጣ። «ጠዋት ደኅና፣ እየሠራ ሲሄድ ብልሽት» ሲባል በመጀመሪያ የማስበው መከላከያ መስታወቱን ነው። ይህ መስታወት ከሌንሱ በታች ተቀምጦ ከሥር የሚፈናጠረውን የሚቀበል ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሊለወጥ ነው የተሠራው። ላዩ ላይ አንዲት ነጥብ ካረፈች ያቺ ነጥብ ጨረሩን እየመጠጠች ትሞቃለች። መስታወቱ ሲሞቅ ራሱ እንደ ሌንስ መሆን ይጀምራል፤ የጨረሩ ትኩረት ቦታውን ይለቅቃል። ማሽኑ ቀዝቅዞ ሲያድር ይመለሳል፤ ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ያምራል። አትንኩ ያላችሁ ሰው ከራሱ ሥራ አንጻር ተጠንቅቆ ይሆናል፤ ለእናንተ ግን ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ጨረሩን አጥፉ፣ ማራገቢያውን ዝጉ፣ አቧራ የሚያስነሳ ግራይንደር ካለ ይቁም። ጭንቅላቱን በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ማቀፊያውን ስታወጡ ወዲያውኑ ክፍተቱን በንጹሕ ፕላስተር ሸፍኑት፤ አቧራ ወደ ላይኛው ሌንስ ከገባ ወጪው ሌላ ነው። መስታወቱን በመብራት ፊት አጋድላችሁ እዩት። ጥቁር ነጥብ፣ ነጭ ጭጋግ ወይም የዘይት ቀለበት ካለበት ለውጡት። እኔ በየፈረቃው መጀመሪያ አየዋለሁ።

ዘይት ካገኛችሁ ምንጩ ኮምፕረሰሩ ነው። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከኖዝሉ ሥር ይዛችሁ፣ ጨረሩ ጠፍቶ፣ አየሩን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ንፉበት። ቢጫ ወይም እርጥብ ምልክት ከተወ ማድረቂያውና ማጣሪያው ሥራቸውን አልሠሩም ማለት ነው።

ሻርጃ ያለሁት — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ሻርጃ የብረት ሥራ ወርክሾፕ ውስጥ ነኝ። ስለ እርጥበት አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ በጋ ላይ አየሩ በእርጥበት ይሞላል። የማቀዝቀዣው ውኃ ከአየሩ የጤዛ ነጥብ በታች ከቀዘቀዘ በሌዘሩ ምንጭ ውስጥ ጤዛ ይፈጠራል፤ ያ ደግሞ ምንጩን ይገድለዋል። የሌዘሩን ምንጭ አየር ማቀዝቀዣ ባለው የታሸገ ክፍል ውስጥ የምናስቀምጠው ለዚህ ነው። ማሽኑ ሲበራም መጀመሪያ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ይሠራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው ውኃው የሚለቀቀው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙ አያሰጋም። ድሬዳዋ፣ አፋር ወይም ጋምቤላ ማሽን የምትተክሉ ግን አስቡበት። አዲስ አበባ ላይ የሚያሰጋው በክረምት ጋኑ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ ነው፤ በየጠዋቱ ከሥር ያለውን መክፈቻ ከፍታችሁ አፍስሱት።

ወይዘሮ ስቴንለስ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

እኔ ማሽን የለኝም፤ የሆቴልና የካፌ ወጥ ቤት ዕቃ እሠራለሁ፣ ላሜራ በሜትር ሒሳብ እየከፈልኩ አስቆርጣለሁ። ከደንበኛ ወገን ልናገር። በአየር የተቆረጠ ስቴንለስ ጠርዙ ቢጫና ግራጫ ይሆናል። ብየዳ ሲያርፍበትም በያጄ ይበሳጫል፤ ስፌቱ ንጹሕ አይሆንለትም። ምግብ የሚነካው ቦታ ላይ ሸካራ ጠርዝ ሲኖር ቆሻሻ ይይዛል፣ እጥበት አይቀበልም። ገዢው የሚነካው ጠርዙን ነው፤ እጁን በጠረጴዛው ከንፈር ላይ አሻሽቶ ነው ዋጋ የሚነጋገረው። በናይትሮጅን ሲቆረጥ እንደ ብር ያበራል። ታዲያ ቆራጮቹ ለምንድን ነው ናይትሮጅን ስጠይቃቸው የሚሸሹት?

ቱቦላሬ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15

ወይዘሮ፣ ሞክረነው ነበር። ሲሊንደሩ ገና ጀመረ ስንል ያልቃል። ምክንያቱን እስካሁን በደንብ አላወቅኩም፤ መምህር ያስሉልን።

ጡረተኛው መምህር — ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡25

ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ጋዝ ይይዛል። ባለ 2 ሚሊሜትር ኖዝል በ15 ባር ናይትሮጅን ሲነፋ በደቂቃ ወደ 600 ሊትር ያወጣል። 10 ደቂቃ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ15 ባር በታች ሲወርድ ደግሞ የቀረው አይጠቅምም። በኦክስጅን ባለ 8 ሚሊሜትር ሲቆረጥ ግን ቀዳዳው ትንሽ፣ ግፊቱ ከ1 ባር በታች ስለሆነ በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ሊትር ቢሄድ ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው ሲሊንደር ከሦስት ሰዓት በላይ ያቆርጣል። ቆራጮቹ የሚሸሹት በዚህ ነው፣ ወይዘሮ፤ አልፈርድባቸውም።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ተንኖ 690 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። በአገራችን ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚታወቀው ለከብት ማዳቀያ የሚሆነውን የኮርማ ዘር በማቆየት ነው፤ ለቆራጭ የሚበቃ አቅርቦት በአቅራቢያችሁ መኖሩን አጣሩ። ባትጠቀሙበትም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተነነ ስለሚሄድ ሥራው ተከታታይ ካልሆነ ኪሳራ ነው። ሌላው ከአየር ናይትሮጅን ለይቶ የሚያወጣ ማሽን ነው፤ እሱም በኮምፕረሰር ስለሚሠራ ያ ሩብ ጉድለት እዚያም ይከተላችኋል።

ከሁሉ በፊት ግን ሥራውን ለዩት። ተደብቆ የሚቀር ጠርዝ በአየር ይቆረጥ፤ እጅና ምግብ የሚነካው በናይትሮጅን ይቆረጥና ዋጋው በግልጽ ለብቻው ይጻፍ። ወይዘሮ ስቴንለስ ናይትሮጅን ራሷ እንደምትጠይቅ አሁን ነግራሃለች።

የሽቱትጋርቷ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

በጥቁር ላሜራም ይህ ነገር አለ። በኦክስጅን የተቆረጠ ጠርዝ ላይ የሚቀረው የኦክሳይድ ቅርፊት ካልተነሳ በላዩ የተቀባው ቀለም ከቅርፊቱ ጋር ተላቅቆ ይወርዳል። በሌዘር በተቆረጠ ጌጥ ያማሩ የግቢ በሮች ከዓመት በኋላ በጠርዛቸው በኩል ብቻ ዝገው ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ከቀለም በፊት ጠርዙን አጽዱ።

የኦክስጅኑን ንጽሕና ለማወቅ አከፋፋዩን በጽሑፍ ጠይቁት። ለሌዘር ቢያንስ 99.5 በመቶ ያስፈልጋል፤ 99.95 ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በታች ሲሆን ፍጥነቱም ጠርዙም ይጎዳል። ሆስፒታሎች ግቢ ውስጥ ከአየር እየለዩ የሚያመርቱት ኦክስጅን ወደ 93 በመቶ ነው። ለሕሙማን ይሆናል፤ ባለ 8 ሚሊሜትር ላሜራ ግን በእሱ ቆርጣችሁ አታምሩም። የሕክምና ስለተባለ ከኢንዱስትሪው የጠራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እንደዚያ አይደለም።

የባሕር ዳር ተማሪ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በመማሪያችን ውስጥ ስለ ሌዘር ሲጻፍ ገጹ ሁሉ ስለ ብርሃኑ ነው፤ ስለ ጋዙ ሁለት መስመር ቢሆን ነው። ከመጀመሪያውም በጋዝ ነበር የሚሠራው ወይስ በኋላ የመጣ ነው?

ጡረተኛው መምህር — ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡00

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልጄ። የመጀመሪያው ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 በካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ በቴዎዶር ማይማን እጅ በራ። በ1965 አንድ የአሜሪካ ፋብሪካ ሽቦ ማቅጠኛ የአልማዝ ሻጋታዎችን በሌዘር መብሳት ጀመረ። ኩማር ፓቴል በቤል ላብራቶሪ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን የሠራው በ1964 ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ብረት ላሜራን በጨረር መቁረጥ ገና አልተቻለም ነበር። በ1967 በእንግሊዝ፣ ካምብሪጅ አጠገብ ባለ የብየዳ ምርምር ተቋም ፒተር ሆልድክሮፍት ከጨረሩ ጋር ኦክስጅን አብሮ የሚነፋ ኖዝል አሠርቶ 1 ሚሊሜትር ብረት ቆረጠ። የጨረሩ ኃይል 300 ዋት ብቻ ነበር፤ የእነ ቱቦላሬ ማሽን አሥር እጥፍ አለው። ስለዚህ መልሱ፦ ብረት መቁረጥ የተቻለው ጋዙ ሲጨመር ነው።

አሁን በየሥራ ቤቱ የገባው ፋይበር ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 1.07 ማይክሮሜትር ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ 10.6 ነበር። አጭሩን ሞገድ ብረታ ብረት በተሻለ ይቀበለዋል። ከኤሌክትሪኩም ሲሶውን ያህል ወደ ጨረር ይለውጣል፤ ያኛው አንድ አሥረኛውን ያህል ነበር። የቱቦላሬ 3 ኪሎዋት ጨረር ከመስመር የሚስበው ወደ 9 ወይም 10 ኪሎዋት ነው፤ ኮምፕረሰሩ ብቻውን 11። የመብራት ወጪያችሁን ስታሰሉ ከአየሩ ጀምሩ።

ሻርጃ ያለሁት — ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡45

መምህር ስለ ሞገድ ርዝመቱ ካነሡ አይቀር፣ እኔ ዝም ማለት የማልችልበት ጉዳይ አለ። 1.07 ማይክሮሜትር ጨረር በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን የዓይን ብሌን እንደ ተራ ብርሃን አሳልፎት ሬቲና ላይ ያተኩረዋል። ያኔ የሚቃጠለው አይድንም፣ በወቅቱም ላያም ይችላል። ርካሾቹ ማሽኖች ሽፋን የሌላቸው ክፍት አልጋዎች ናቸው። ስቴንለስ ላይ የነጠረ ጨረር ወደ ማን እንደሚሄድ አይታወቅም። የብየዳ መነጽር ለዚህ አልተሠራም፤ ለ1,070 ናኖሜትር ተብሎ የተጻፈበት መነጽር ግዙ፤ ለኦፕሬተሩም፣ ለረዳቱም፣ ሥራ ሊያይ ለሚመጣው ደንበኛም። ልጆች ወደዚያ ክፍል አይግቡ።

ጢሱም ቀላል አይደለም። ከስቴንለስ የሚወጣው ጢስ ካንሰር የሚያመጣ ክሮሚየም አለበት። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ሲቆረጥ ዚንኩ በ907 ዲግሪ ሴልሲየስ ስለሚፈላ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ቀድሞ ይተናል፤ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚላችሁ፣ የሚያንቀጠቅጣችሁ በዚያ ነው። ወተት መጠጣት ሳንባ የገባውን አያስወጣም። ጢሱን ከአልጋው ሥር ስቦ ወደ ማጣሪያ የሚወስድ መምጠጫ ይኑራችሁ። የአሉሚኒየም ብናኝ ደግሞ ከብረት ፍንጣሪ ጋር በአንድ ማጣሪያ አይጠራቀም፤ ይፈነዳል።

ፍሬሳ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡00

እንደ ተባልኩት አድርጌ በባለ 10 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፍቼ ጥርስ አወጣሁ። ገባ፤ አልተሰበረም። ደንበኞቼን ከአሁን በኋላ አሳንሰው እንዲያስበሱ እነግራቸዋለሁ።

ቱቦላሬ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡20

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ባለ 2 ሚሊሜትር ኖዝል ገጠምን፤ መሐሉንም አስተካከልነው። ኖዝሉ አፍ ላይ ፕላስተር ለጥፈን አንድ ጊዜ ጨረር ስንተኩስበት የተቃጠለችው ነጥብ ከክቡ ወደ አንድ ጎን ሸሽታ ነበር፤ እያዞርን መሐል ላይ አመጣናት። ከዚያ 2.8 ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ቆረጥን። ግፊቱ ከዳር እስከ ዳር 10 ባር ላይ ቆሞ ነበር፤ ጠርዙን በእጄ ዳሰስኩት፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም አንድ ሆኗል። ግራይንደሩ ዛሬ አልተነሣም።

መከላከያ መስታወቱን እህታችን እንዳለችው ከፈትነው። መሐሉ ላይ የተቃጠለች ጥቁር ነጥብ፣ ዙሪያዋን የዘይት ቀለበት አለ። ነጩም ጨርቅ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ማጣሪያዎቹን ለውጠናል፤ ጋኑንም በየጠዋቱ እናፈስሳለን። ኦክስጅኑንም ንጽሕናው 99.95 በመቶ ነው ተብሎ ወረቀት ከተሰጠበት ቦታ አመጣን። ባለ 8 ሚሊሜትሩ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ሳይለወጥ ቆረጠ። መነጽርም ለአራታችን አዝዘናል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ባለ 8 ሚሊሜትሩ ቀጥታ መስመር ላይ ያምራል፤ ሹል ማዕዘን ላይ ሲደርስ ግን ጥጉ ይቃጠልና ይበላል። ደግሞም አንድ ደንበኛ ባለ 3 ሚሊሜትር ነሐስ አምጥቷል፤ ጨረሩን መልሶ ያነጥራል ሲባል ሰምቼ አልነካሁትም።

የሽቱትጋርቷ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡30

ደስ ብሎኛል፣ ወንድሜ። ማዕዘኑ ላይ ጭንቅላቱ ሊዞር ፍጥነቱን ሲቀንስ ኃይሉ ግን አልቀነሰም፤ ስለዚህ ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል። ፕሮግራሙ ውስጥ ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ እንዲወርድ የሚያደርግ መስመር አለ፤ ክፈተው። ሥዕሉ የሚፈቅድ ከሆነ ሹሉን ጥግ 0.5 ሚሊሜትር ያህል ክብ አድርገው። ካልፈቀደም ከማዕዘኑ ውጭ ትንሽ ዞሮ እንዲመለስ አድርገው፤ ቃጠሎው ቁራጩ ላይ ሳይሆን ትርፉ ላይ ያርፋል።

ነሐሱን በናይትሮጅን፣ በከፍተኛ ግፊት ነው የምትቆርጠው። ከመጀመርህ በፊት የሌዘሩን ምንጭ መመሪያ አውጥተህ ተመልሶ ከሚመጣ ጨረር የሚከላከል እንዳለው አረጋግጥ። ካለው ከላሜራው ጥግ ባለ ትርፍ ቦታ ላይ መብሳት ጀምር፤ ፍጥነቱን ከስቴንለሱ ዝቅ አድርገው። ሙሉ በሙሉ ሳይበሳ ወደ መቁረጥ እንዳይገባ የመብሻውን ጊዜ አስረዝመው፤ አደጋው ያለው ጨረሩ ላሜራውን ሳያልፍ በሚቆይበት በዚያ ቅጽበት ነውና። መከላከያ ከሌለው ለደንበኛህ ሥራውን መልስለት።